በሽሮው ውስጥ ምን አለ?
ስሙ ያልተነገረ እህልና የተማሪዎቻችን ጤንነት

በዛሬው የጤና ትምህርት ዓምዳችን በየቀኑ ከምንበላው ምግብ እንነሣለን። ከእብናት ገበያ ተሰፍሮ የመጣ ሽሮ ቤት ሲደርስ «ሽሮ» ከመባል በቀር ሌላ ስም የለውም። ሽምብራ ነው? አተር ነው? ባቄላ ነው? ወይስ ጓያና ግብጦ ገብቶበታል? ለብዙዎቻችን ይህ የጣዕምና የዋጋ ጉዳይ ነው። የምግብ አለርጂ ላለበት ሕፃን ግን የሕይወት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ነገ ክፍል የምንረከብ ዕጩ መምህራን እንደመሆናችን መጠን ነገሩን አስቀድመን ልናውቀው ይገባል።

1. አለርጂ ምንድን ነው?

የሰውነታችን ተከላካይ ኃይል ሥራው በሽታ አምጪ ተዋሲያንን መዋጋት ነው። አለርጂ ባለበት ሰው ዘንድ ግን ይኸው ኃይል ሌላው ሰው ያለችግር የሚበላውን ምግብ እንደ ጠላት ቆጥሮ ይቆጣበታል። ምልክቱ ባብዛኛው ከጥቂት ደቂቃዎች እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያል። ሰውነት ያሳክካል፣ ሽፍ ይላል፤ ከንፈርና ዓይን ያብጣል፤ ያስመልሳል። ሲከፋ ጉሮሮ ይጠብባል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ራስን ያስታል። እንዲህ ሲሆን «ቡዳ በላው»፣ «ምች መታው» ማለት የተለመደ ነው፤ በዚያ መሐል ግን ውድ ጊዜ ያልፋል። ደግሞም «ትንሽ ናት፣ ምን ታደርጋለች?» ማለት አያዋጣም። በጣም የሚቆጣ ሰውነት ለትንሹም ይቆጣል።

2. ከግብጦና ከሰሊጥ የምናገኘው ትምህርት

ግብጦ በጎጃምና በደቡብ ጎንደር የታወቀ እህል ነው። ምሬቱ እስኪለቅ ድረስ ለቀናት በውኃ ተነክሮ ይበላል፤ አረቄም ይወጣበታል። ምሬቱ ለቀቀ ማለት ግን አለርጂ የሚያስነሣው ነገር ወጣ ማለት አይደለም። መራራው ንጥረ ነገር ሌላ፣ አለርጂ የሚያስነሣው ፕሮቲን ሌላ ነውና። የግብጦ ፕሮቲን ከኦቾሎኒ (ለውዝ) ፕሮቲን ጋር ስለሚመሳሰል፣ ኦቾሎኒ የማይስማማቸው አንዳንድ ሰዎች ግብጦም አይስማማቸውም። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ የታተመ የሕክምና ዘገባ፣ የኦቾሎኒ አለርጂ ያለባት የ5 ዓመት ልጅ የግብጦ ዱቄት የተጨመረበት ፓስታ በልታ መታመሟን ይገልጻል። በአውሮፓም የግብጦ ዱቄት በዳቦ ውስጥ መግባት ከጀመረ በኋላ ተመሳሳይ ሕመሞች ስለታዩ፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 ግብጦ በማሸጊያ ላይ በስሙ እንዲጻፍ ደነገገ።

ከሁመራና ከመተማ በኩል የሚመጣው ሰሊጥም እንዲሁ ነው። ናታሻ ኤድናን ላፐሩዝ የተባለች የ15 ዓመት እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በ2016 ሰሊጥ በሊጡ ውስጥ የገባበት ዳቦ በልታ ሞተች። በማሸጊያው ላይ ሰሊጥ የሚል ጽሑፍ አልነበረም። በስሟ የተጠራው ሕግ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል።

3. እህሉ ስሙን የሚያጣው የት ነው?

ሀ) በገበያ። ዋጋ ለመቀነስ ርካሹ እህል ከውዱ ጋር ይፈጫል። «የጤፍ» የተባለው እንጀራ ገብስ ወይም ስንዴ ይገባበታል። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ገብስና ስንዴ ግን አላቸው። ግሉተን አንጀቱን የሚጎዳው ሰው ታዲያ ሳያውቅ ይታመማል።

ለ) በወፍጮ ቤት። ከፊታችን የተፈጨው እህል ቅሪት ከእኛ ዱቄት ጋር ይወጣል።

ሐ) በማዕድ ቤት። ስልጆ ውስጥ ሰናፍጭ፣ ጭኮ ውስጥ ቅቤ አለ። ሠሪዋ የለመደችው ነገር ስለሆነ «ይህ አለበት» ብላ አትናገርም።

በአገራችን የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ። ሆኖም ተሰፍሮ በሚሸጥ ዱቄት ላይ የሚነበብ ጽሑፍ የለም። ያለን መንገድ ሻጩን መጠየቅ ነው።

4. ጓያ አለርጂ አይደለም

ሁለቱ እንዳይምታቱብን። አለርጂ የሚያገኘው ሰውነቱ የሚቆጣበትን ሰው ብቻ ነው። የጓያ ጉዳት ግን መርዝ ነው፤ ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግቡ ያደረገውን ሰው እግሩን ሽባ ሊያደርገው ይችላል፤ የማይድን ነው። በፎገራና በደምቢያ የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ ጥናት በሽታው በአካባቢያችን በሰፊው እንደነበረ አሳይቷል። በሽሮ ውስጥ ስሙ ተደብቆ ሲገባ ግን ጓያም እንደ ግብጦው ነው፤ የሚበላው ሰው ሊጠነቀቅበት አይችልም።

5. መምህሩ ምን ያድርግ?

• በምዝገባ ጊዜ ወላጅን «የማይስማማው ምግብ አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱን ከስም ዝርዝሩ ጎን ይጻፍ።
• በትምህርት ቤት ምግብ የሚያበስሉ ሰዎች የገባውን እህል ሁሉ በስሙ እንዲናገሩ ያድርግ።
• «አልበላም» የሚለውን ልጅ በግድ አያጉርስ፤ ምክንያቱን ይጠይቅ። ጉርሻ የፍቅር ምልክት ቢሆንም ለዚህ ልጅ አደጋ ሊሆን ይችላል።
• ትንፋሽ ካጠረው ወይም ራሱን ከሳተ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይውሰደው። ልጁ ቆሞ አይሂድ፤ ተጋድሞ እግሩ ከፍ ይበል፤ መተንፈስ ከከበደው ይቀመጥ። ወተትም ሆነ ውኃ አይጠጣ። ሕይወት አድኑ መድኃኒት በጭን ጡንቻ የሚወጋው አድሬናሊን ነው። የበላውን ትራፊ ወይም ማሸጊያ ለሐኪሙ ያሳይ።
• በግምት ብቻ «ጥራጥሬ አትብላ» አይበል። በጾም ወራት ሽሮና ምስር የተከለከለ ልጅ ገንቢ ምግብ ያጣል። ይህን የሚወስነው የጤና ባለሙያ ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። የምግቡን ስም መደበቅም ከዚህ አይለይም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በመንደራችሁ ሽሮ ከምን ከምን ይዘጋጃል? የእህሉን ስም ሁሉ ዘርዝሩ።
2. አለርጂንና የጓያን ጉዳት የሚለየው ምንድን ነው?
3. ለ3ኛ ክፍል ተማሪዎች «የምበላው ምን እንደሆነ ልጠይቅ» በሚል ርእስ የ15 ደቂቃ ትምህርት አዘጋጁ።