ቀድሞ የሚናገር ድምፅ፦ የድምፅ ረዳቶች የንግግር አጀማመርና የአማርኛ አንቱታ

የድምፅ ረዳት የሚባሉት ሥርዓቶች ሲፈጠሩ ጠባቂዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የአፕል ሲሪም ሆነ በ2014 የተከተለው የአማዞን አሌክሳ ተጠቃሚው በስም እስኪጠራቸው ወይም አዝራር እስኪጫን ድረስ ዝም ይላሉ። ከዚህ ጎን ለጎን ሌላ አሠራር አድጓል፤ መሣሪያው ያልተጠየቀውን አስቀድሞ ገምቶ ራሱ ንግግር ይከፍታል። የስብሰባ ሰዓት ያስታውሳል፣ የመንገድ መጨናነቅ ይነግራል፣ መድኃኒት መወሰድ እንዳለበት ይጠቁማል። በዚህ መስክ የሚጻፈው ጥናት አብዛኛው የሚጠይቀው መሣሪያው መቼ ይናገር የሚለውን ነው። በአማርኛ ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ መሣሪያው ሰሚውን ማን ብሎ ይጥራው?

የንግግር ተመራማሪው ኢማኑኤል ሼግሎፍ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ ወደ 500 የሚጠጉ የስልክ ጥሪዎችን አጀማመር መርምሯል። ያገኘው ሕግ በስልክ መጀመሪያ የሚናገረው ጥሪውን የተቀበለው ነው የሚል ነበር። ከጥሪዎቹ አንዱ ብቻ ከሕጉ ወጣ፤ ሼግሎፍም በዚያ አንድ ጥሪ ምክንያት ትንታኔውን እንደገና አዋቀረ። የስልኩ ደወል መጥሪያ ነው፣ የተቀባዩ “ሃሎ” ደግሞ ለመጥሪያው የተሰጠ መልስ ነው አለ። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ አይደለም፤ ለመጥሪያ ብቻ የሚሰጥ “አቤት” የሚል ቃል በቋንቋው አለና። ጠባቂው ረዳት ሲጠራ “አቤት” ባይ ነው። ቀድሞ የሚናገረው ግን ጠሪ ይሆናል። በሰሜን ጎንደር ደጋ ታናሽ ታላቁን እንዴት እንደሚጠራ ሥርዓት ያለው ጉዳይ በመሆኑ የቦታ ለውጡ ቀላል አይደለም።

የእንግሊዝኛው ሥርዓት በአንድ ተውላጠ ስም ሁሉንም ሰው ያናግራል። አማርኛ ግን በግሱ ውስጥ ጾታን፣ ቁጥርንና ክብርን ያስገባል። “እንደምን አደርህ”፣ “አደርሽ”፣ “አደሩ”፣ “አደራችሁ” ከሚሉት አንዱን ሳይመርጥ የጠዋት ሰላምታ ሊሰጥ የሚችል መሣሪያ የለም። ምክር ሲሆንም እንዲሁ ነው፤ ጸረ አረም “ርጭ”፣ “ርጪ”፣ “ይርጩ” ወይም “ርጩ” ማለት አለበት። ተጠርቶ የሚመልስ መሣሪያ ከጠሪው ድምፅና አነጋገር ፍንጭ ያገኛል። ቀድሞ የሚናገረው ግን ምርጫውን የሚያደርገው ምንም ሳይሰማ ነው።

ለዚህ በአገር ውስጥ የሚቀርበው ምሳሌ የ8028 የስልክ መስመር ነው። በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከግብርና ሚኒስቴርና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር የጀመረው ይህ ነጻ አገልግሎት በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ የተቀዳ የእርሻ ምክር ያሰማል፤ ገበሬው ቁጥር እየተጫነ የሚፈልገውን ይመርጣል። በዛሬው ትርጉም የድምፅ ረዳት ባይባልም ከብዙዎቹ ረዳቶች የሚያስቀድመው አንድ ነገር አለው። ገበሬው ሲመዘገብ ስለ ማንነቱ፣ ስለ አካባቢውና ስለ ሰብሉ የሰጠውን መረጃ ይዞ፣ ድርቅ ወይም የሰብል በሽታ ሲያሰጋ ማስጠንቀቂያውን ለሚመለከታቸው ብቻ ይልካል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ የኢትዮጵያን ስንዴ ክፉኛ መጉዳቱን ለሚያስታውስ፣ ሳይጠየቅ የሚናገር ድምፅ ጥቅም ማስረጃ አያሻውም።

ችግሩ ምዝገባው የስልክ ቁጥርን እንጂ ጆሮን አለማወቁ ላይ ነው። በዳባት ወይም በደባርቅ ገጠር አንድ ስልክ ለአንድ ቤተሰብ ማገልገሉ የተለመደ ነው። የተመዘገበው አባወራ ሆኖ ስልኩን ባለቤቱ፣ ልጁ ወይም እናቱ ሊያነሡ ይችላሉ። “ርጭ” የሚለው ምክር ለእናቲቱ ሲደርስ በአንድ ቃል ሁለት ስሕተት ይሠራል፤ ጾታንም ክብርንም ይስታል። መልእክቱ የጤና ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ከሥርዓተ ንግግር ያልፋል። ስለ ሳንባ ነቀርሳ ወይም ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት የሚያስታውስ ድምፅ፣ ማን እንደሚሰማው ሳያረጋግጥ ከተናገረ የታማሚውን ምስጢር ለቤቱ ሁሉ ያወጣል።

ኤሪክ ሆርቪትስ እ.ኤ.አ. በ1999 ባቀረበው ሐሳብ፣ ሳይጠየቅ የሚረዳ ሥርዓት የመናገርን ጥቅም ስሕተቱ ከሚያስከፍለው ዋጋ ጋር ማመዛዘን አለበት። ይህ ሚዛን ለአማርኛ ሲሠራ የአጠራር ስሕተት ዋጋም ሊገባበት ይገባል። ዋጋው ደግሞ በሁለቱም በኩል እኩል አይደለም፤ ወጣትን “አደሩ” ማለት ቢበዛ ፈገግታ ያመጣል፣ አረጋዊን “አደርህ” ማለት ግን ስድብ ነው። በዚህ ላይ የአክብሮቱ ቅርጽ ከነጠላ ቅርጾች ሁሉ ጾታን የማይለይ ብቸኛው ነው። በከተማው ጽሕፈት ቤት “እርስዎ”፣ በገጠሩ “አንቱ” ቢበረታም ግሱ አንድ በመሆኑ ተውላጠ ስሙን ትቶ “አደሩ” ማለት ይበቃል። አንቱታ ጨዋነት ብቻ ሳይሆን መረጃ ለሌለው ተናጋሪ ትክክለኛው የቴክኒክ ምርጫ ነው። አንዳንድ አዘጋጆች የሚመርጡት “ቢረጭ ይመከራል” የሚለው ሰው አልባ አነጋገር ስሕተቱን ቢያስቀርም የራዲዮ ማስታወቂያ ይመስላል፤ ሰሚው ለእርሱ የተባለ አይመስለውም።

ግምቱ ራሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ በሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ያለችው ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ የአንዱን የአየር ሁኔታ ይዞ ለሌላው የመዝሪያ ጊዜ መምከር ያሳስታል። “ነገ 2 ሰዓት” የሚለውን በውጭ ሰዓት የሚተረጉም ረዳት ጠዋቱን ሌሊት ያደርገዋል። በወር በገባ በ21 ማርያምን የሚያከብር ገበሬ በዕለቱ እንዲያርስ ቢታወስ አይሰማም፤ ሁሉንም ሰው ጿሚ ክርስቲያን አድርጎ የሚገምት ረዳት ደግሞ በአዲስ ዓለም ላለ ሙስሊም ነዋሪ ባይተዋር ይሆናል። እንዲህ ያለውን ከስም ወይም ከሰፈር መገመት አይገባም፤ ሲመዘገብ መጠየቅ ይቻላልና።

ከዚህ የሚወጣው የአከፋፈት ቅደም ተከተል ሼግሎፍ ከገለጸው የራቀ አይደለም። ስልኩ ሲነሣ መሣሪያው “ሃሎ” ወይም “አቤት” እስኪባል ዝም ይበል፤ ከዚያ በአክብሮት ግስ ሰላም ብሎ ከየት እንደሚደውል ይናገር፤ የተፈለገው ሰው መኖሩን ይጠይቅ፤ ፈቃድ ሲያገኝ ጉዳዩን ያንሣ። ታላቅ ሰው “አንተ በለኝ” ሲል አንቱታው እንደሚቀር ሁሉ መሣሪያውም ተጠቃሚው ሲፈቅድለት ብቻ ይቅረብ። ይህን ለመሥራት የሰሚውን የመጀመሪያ ቃል መለየት ያሻል፤ እዚህ ላይ የመረጃ እጥረቱ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ የሆነው የአማርኛ የንግግር ክምችት 20 ሰዓት ያህል የሚሆን የ100 ሰዎች ንባብ ሲሆን አብዛኞቹ አንባቢዎች የአዲስ አበባ ዘዬ ተናጋሪዎች ናቸው። ንባብ ደግሞ መጥሪያም “አቤት”ም የለውም። ለሰሜን ጎንደር የሚያስፈልገው ክምችት የተነበበ ዓረፍተ ነገር ሳይሆን፣ በተናጋሪዎቹ ፈቃድ የተቀዳ የስልክ ንግግር የመጀመሪያዎቹ 10 ሰከንዶች ነው።