አስተማሪያችን እንዲረዳን እንዴት እናግዘው?



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ በማኅበራችን የወጣቶች ትምህርት ላይ ከእናንተ ደጋግሜ የምሰማው «አስተማሪዬ አይረዳኝም» የሚል ቃል ነው። ስለዚህ ዛሬ ሁለት ነገሮችን አብረን እንይ።

የመጀመሪያው የተዛባ ግምት ነው፤ ሰውን ሳያውቁ በስሙ፣ በአለባበሱ ወይም በመልኩ አስቀድሞ መገመት። ብዙ ጊዜ ያለ ክፋት፣ ገማቹ ራሱ ሳያውቀው ይመጣል። ሁለተኛው ፕሪቪሌጅ ነው፤ ሰው ሳይለፋ ያገኘው፣ ስለለመደውም የማይታየው ጥቅም። አሜሪካዊቷ ምሁር ፔጊ ማኪንቶሽ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ጽሑፍ በጀርባ ከሚታዘል የማይታይ ቦርሳ ጋር አመሳስለውታል።

ምሳሌ ልስጣችሁ። በምንኖርበት አሜሪካ በገና ቀን ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ገናን የሚያከብር ልጅ ፈቃድ አይጠይቅም። እኛ ግን በብዙ ቦታ ለዒድ እናስፈቅዳለን፤ ያመለጠንን ፈተና ሌላ ቀን እንወስዳለን። አስተማሪው ይህን ያላስተዋለው ጠልቶን ላይሆን ይችላል፤ እሱ ማስፈቀድ አስፈልጎት ስለማያውቅ ነው። ሲነገር ግን ይለወጣል። የኒው ዮርክ ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች፣ ሙስሊም ቤተሰቦች ለዓመታት ከጠየቁ በኋላ፣ በ2015 ሁለቱን ዒዶች ከበዓላት ዝርዝራቸው ውስጥ አስገብተዋል።

የአስተማሪ ግምት ቀላል ነገር አይደለም። ሮዘንታልና ጃኮብሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1968 ባሳተሙት ጥናት፣ በዕጣ የተመረጡ ልጆችን «እነዚህ ዘንድሮ ይሻሻላሉ» ብለው ለአስተማሪዎቻቸው ነገሩ። በተለይ በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል የነበሩት ልጆች ከሌሎቹ የበለጠ መሻሻል አሳዩ። ጥናቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ያነሳው ጥያቄ ግን የእናንተም ጥያቄ ነው።

በቤታችን ታላቅ ሲናገር ዓይንን ዝቅ ማድረግ አክብሮት ነው፤ እዚህ ግን አለመስማት ሊመስል ይችላል። እናትና ልጅ በተለያየ የአባት ስም ሲጠሩ ለእኛ ግልጽ ነው፤ የቤተሰብ ስም የለመደ ቢሮ ግን ግራ ይጋባል። ካልነገርነው ከየት ያውቃል?

እንግዲህ እንዲህ እናድርግ፦

1. ከክፍል በኋላ፣ ለብቻው፣ በአክብሮት ንገሩት። «ዓይኔን ዝቅ የማደርገው ስለማከብርዎት ነው፤ እየሰማሁ ነው» ማለት ይበቃል።

2. ረመዷን ሳይገባ ስለ ስፖርት ክፍለ ጊዜ፣ ዒድ ሳይደርስ ስለ ፈተና ተነጋገሩ። የምትፈልጉትን ለይታችሁ ጠይቁ።

3. ስለ ሙስሊም ሁሉ መልስ የመስጠት ግዴታ የለባችሁም። «የምናገረው ስለ ቤተሰቤ ነው» በሉ።

4. ነግራችሁት ከቀጠለ ቀኑንና የተባለውን ጽፋችሁ ለወላጅና ለማኅበሩ አሳውቁ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት በዘር፣ በቀለም ወይም በትውልድ አገር እንዳያዳላ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ይከለክላል።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛም ቦርሳ አለን። እዚህ ተወልዳችሁ እንግሊዝኛን እንደ ውኃ ትጠጡታላችሁ፤ ትናንት ከአገር ቤት የመጣው ልጅ ግን አፉን ለመክፈት ይፈራል። አነጋገሩ ሲያስቃችሁ፣ አስተማሪያችሁ እናንተን ያላየበትን ዓይን ተውሳችኋል ማለት ነው። ዲናችን ሑስነ ዘንን፣ ማለትም ስለ ሰው በጎ ማሰብን፣ ያስተምረናል። ያን ልጅ በመጪው ትምህርት ከጎናችሁ አስቀምጡት፤ ስሙንም በትክክል ጥሩት።

ወላሁ አዕለም።