ሕመም ሌላ፣ አለመቻል ሌላ፦ የቁርጥማት ታማሚን ምን ብለን እንጠይቅ?

በእኛ አገር «ቁርጥማት» የማይሸፍነው ነገር የለም። ጉልበት ሲቆረጥም ቁርጥማት ነው፣ ጣት ሲያብጥ ቁርጥማት ነው፣ ብርድ ሲመታንም ያው ቁርጥማት ነው። በሕክምናው ግን በዚህ ዘርፍ የሚጠቃለሉት በሽታዎች ከ100 በላይ ናቸው። ሪህ ለብቻው ነው፣ በዕድሜ ብዛት የሚመጣው የመገጣጠሚያ መበላት ለብቻው ነው፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ ደግሞ ሌላ ነው። እኔ በዚህ በመጨረሻው ላይ ላተኩር። ምክንያቴም የጤና ዘገባ ስንሠራ ለታማሚው የምናቀርበው ጥያቄ አንድ ብቻ መሆኑ ነው፦ «በጣም ያማል?» ይህ ጥያቄ የነገሩን ግማሽ ብቻ ነው የሚያወጣው። ሕመም አንድ ነገር ነው፣ ማድረግ አለመቻል ሌላ። ሁለቱ ደግሞ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።

ሩማቶይድ አርትራይተስ የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ ሽፋን እንደ ጠላት ቆጥሮ የሚያጠቃበት በሽታ ነው። ሴቶችን ከወንዶች ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይይዛል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በእጅና በእግር ትንንሽ መገጣጠሚያዎች፣ በግራም በቀኝም ነው። ጠዋት ሲነሱ እጅ ይገተራል፤ እስኪፍታታ ከ1 ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፦ እንደ ዳይክሎፌናክ ያለ ማስታገሻ ሕመሙን ጋብ ያደርገዋል እንጂ መገጣጠሚያው እንዳይበላ አያደርግም። ያንን የሚያዘገየው እንደ ሜቶትሬክሴት ያለ፣ በሐኪም ክትትል በሳምንት 1 ቀን ብቻ የሚወሰድ መድኃኒት ነው፤ እሱም ቶሎ ሲጀመር ነው በይበልጥ የሚበጀው። ስለዚህ «አሁን ተሽሎኛል» ያለን ሰው ሕመሙ ቀንሶለት፣ ጣቶቹ ግን እየተጣመሙ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ አለመቻል እንዴት ይለካል? ለሕመሙ ከ0 እስከ 10 ቁጥር ይስጡ ይባላል፣ ቀላል ነው። ለአለመቻሉ ግን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ፍራይስና ባልደረቦቹ በ1980 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት መጠይቅ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። 20 ጥያቄዎች አሉት፤ ስለ መልበስ፣ መነሳት፣ መብላት፣ መራመድ፣ ንጽሕና፣ እጅ ዘርግቶ ማውረድ፣ መጨበጥና የዕለት ሥራ ይጠይቃል። መልሱ ከ0 (ያለ ችግር) እስከ 3 (ጭራሽ አልችልም) ነው። የወደድኩለት «ምን ይሰማዎታል?» ብሎ አለመጀመሩን ነው፤ የቧንቧ መክፈቻ ማዞር ይችላሉ ወይ ነው የሚለው። ያልወደድኩት ደግሞ አዲስ የወተት ካርቶን ስለ መክፈትና መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ስለ መግባት መጠየቁን። እኛ ሰፈር ማን ነው ገንዳ ያለው?

ስለዚህ ለክፍል ሥራ፣ ሰፈራችን እንጀራ ጋግረው የሚሸጡና ይህ በሽታ ያለባቸውን አንዲት እናት ሳነጋግር ጥያቄዎቹን ወደ እኛ ቤት አመጣኋቸው። መጀመሪያ «እትዬ፣ ሕመሙ እንዴት ነው?» ስላቸው «ተመስገን፣ ዛሬ ይሻላል ልጄ» አሉኝ። በተለመደው አሠራር ቃለ መጠይቁ እዚህ ያልቅ ነበር። «አክንባሎውን በአንድ እጅ ያነሳሉ?» አልኳቸው። ሳቁ። «በሁለት እጄም አላነሳው! ልጄ ናት የምታነሳልኝ።» ልጅቷ 7ኛ ክፍል ናት፤ በሳምንት ሁለት ቀን ትምህርት ቤት አትሄድም። ሊጥ ማቡካትም እሷ ጋ ሄዷል። ሻሻቸውን የምታስርላቸው እሷ ናት። ቡና መውቀጥ ትተዋል፣ ከበርጩማ የሚነሱት ግድግዳ ይዘው ነው። ሽንት ቤት ቁጢጥ ማለት እንደሚቸግራቸው የነገሩኝ ደግሞ መጨረሻ ላይ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። በፊት በቀን 80 እንጀራ ይሸጡ ነበር፤ አሁን 30 ከሞላላቸው ጥሩ ቀን ነው። «ዛሬ ይሻላል» የሚለው መልስ ይህን ሁሉ ከሥሩ ደብቆ ነበር።

በስም ስለሚቀራረብ የሚምታታ አንድ ሌላ በሽታም አለ፦ ሩማቲክ ፊቨር። በስትሬፕቶኮከስ ከሚመጣ የጉሮሮ ሕመም በኋላ በተለይ ልጆችን ይይዛል። የመገጣጠሚያው ሕመም ካንዱ ወደ ሌላው እየዞረ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። የልብ ቫልቭ ላይ የሚተወው ጉዳት ግን ሊቀር ይችላል፤ አገራችን ውስጥ ብዙ ወጣቶች የልብ ታማሚ የሆኑት በዚህ ነው። ጉልበቱን ምንም የማያመው፣ ግን ደረጃ መውጣት ያቃተው ልጅ ማለት ነው።

አለመቻልን ስንጽፍ ሌላው ፈተና ማጋነን ነው። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኦጉስት ሬኗር (1841–1919) ከ1890ዎቹ ጀምሮ ሩማቶይድ አርትራይተስ ነበረበት፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነበር። ብሩሹን እጁ ላይ አስረውለት ይስል ነበር እየተባለ ይተረካል። ለወሬ ያምራል። ነገር ግን ጨርቁ የሚጠመጠመው የታጠፉት ጣቶቹ የመዳፉን ቆዳ እንዳያቆስሉት ነው፤ ብሩሹን ሰው ያቀብለዋል እንጂ የሚጨብጠው ራሱ ነበር። ሳሻ ጊትሪ በ1915 ባወጣው ፊልም ላይ ሬኗር ሲስል፣ ትንሹ ልጁም አጠገቡ ቆሞ ሲያግዘው ይታያል።