ከጋይንት አዲስ አበባ ለመብረር፦ ባሕር ዳር ወይስ ላሊበላ?

ነፋስ መውጫ ላይ ሆኖ ወደ አዲስ አበባ ለመብረር ያሰበ መንገደኛ በሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ነው። በምዕራብ የባሕር ዳሩ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አለ፤ በምሥራቅ የላሊበላው። የትኛው እንደሚሻለው በራሱ አስልቶ ሊደርስበት ይችላል፤ ስልክና እርሳስ ይበቁታል።

መጀመሪያ የስልኩን ካርታ ከፍቶ ቦታዎቹን አንድ በአንድ ጫን ያድርግ። ለእያንዳንዱ ሁለት ቁጥር ይወጣለታል፤ የፊተኛው ኬክሮስ፣ የኋለኛው ኬንትሮስ ነው። ባሕር ዳር 11.61 እና 37.32፣ ላሊበላ 11.98 እና 38.98፣ ቦሌ ደግሞ 8.98 እና 38.80 ናቸው።

ቀጥሎ ልዩነታቸውን ይውሰድ። በእኛ አካባቢ አንድ ዲግሪ ኬክሮስ 111 ኪሎ ሜትር፣ አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ 109 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከባሕር ዳር ላሊበላ ልዩነቱ 0.37 እና 1.66 ስለሆነ ሲባዛ 41 እና 181 ይሆናል። ሁለቱን እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝቶ ይደምር፤ የድምሩ ስኩዌር ሩት 186 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። ይህ የአየር መስመር ከደብረ ታቦር በስተደቡብ አልፎ የላይ ጋይንትን ሰማይ ያቋርጣል።

ትልቁ ነገር የሚገኘው ስሌቱ ወደ ቦሌ ሲዞር ነው። ከባሕር ዳርም ከላሊበላም ቦሌ 333 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው! በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ለሚበር ኪው 400 አውሮፕላን ይህ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። መንደርደሪያው፣ መውጣትና መውረዱ ሲጨመር ወደ አንድ ሰዓት ይጠጋል። በረራው እኩል ከሆነ ምርጫውን የሚወስነው የመኪናው መንገድ ነው።

ነፋስ መውጫ በቀጥታ መስመር ከላሊበላ ማረፊያ 63፣ ከባሕር ዳር 126 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። መኪና ግን በቀጥታ መስመር አይሄድም። ወደ ላሊበላ የሚሄደው በወረታ–ወልዲያ መንገድ እስከ ጋሸና ዘልቆ ወደ ሰሜን ይታጠፋል። ስለዚህ ከመነሣቱ በፊት የጋሸናው መንገድ ሰላም መሆኑንና የመኪና ሁኔታውን ሾፌሮችን ይጠይቅ፤ መንገዱ ካልተመቸ የካርታው ቅርበት ዋጋ የለውም። ለእስቴ ሰው ባሕር ዳር ይቀርባል። የስማዳው መንገደኛ ከወገዳ እስከ ዋናው መንገድ ያለውን ጉዞ ለብቻው ይቁጠር፤ በክረምት ደግሞ ሰፋ ያድርገው።

በመጨረሻ ሁሉንም ይደምር፦ የመኪናውን ሰዓት፣ ለፍተሻና ለምዝገባ ሁለት ሰዓት ያህል፣ የበረራውን አንድ ሰዓት፣ ከቦሌ እስከ ቤት ያለውን። ጠዋት በረራ ላለው ሰው ማረፊያው ከተማ ማደር ይሻላል።

ትኬቱን ሲያነብም ይጠንቀቅ። 07:30 የሚለው ከጠዋቱ 1:30፣ 13:00 የሚለው ከቀኑ 7 ሰዓት ነው።