«ፖይዝ» እና «ድልው»

እንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆቻችን «ፖይዝ» የሚለውን ቃል ሲያገኙ «ጸጥታ» ብለው ተርጕመው ያልፋሉ። እኛም ቀድሞ እንዲሁ እናስተምር ነበር፤ ተሳስተናል። ጸጥታማ ለድንጋይም አለው። ቃሉ መመዘን ከሚለው የላቲን ግስ በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ሲሆን፥ ሚዛኑ ሳይዛነፍ፥ ልቡ ሳይታወክ ለሥራ የተዘጋጀውን ሰው ያመለክታል።

በቦንጋ ዙሪያ ባለው የከፋ ደን፥ ማር ቆራጭ በገመድ ታግዞ ከረዥም ዛፍ ላይ ወደ ተሰቀለው ቀፎ ሲወጣ ያየ ሰው፥ ነገሩን ያለ መዝገበ ቃላት ያስተውለዋል። ቢቸኩል ንቡን ያስቈጣል፤ ቢዘናጋ ይወድቃል። ስለዚህ ሰውነቱን በእግሩ መዝኖ፥ ጢሱን ይዞ ይጠብቃል።

ለትርጕሙም ሩቅ መሄድ አያሻንም። በግእዝ «ደለወ» መዘነ፥ ተገባ ማለት ነው፤ «መዳልው» ሚዛን ነው፤ «ድልው» የተገባ፥ የተዘጋጀ ነው። መመዘንና መዘጋጀት ከአንድ ሥር በቀሉ። በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 5 ንጉሥ ብልጣሶር ተመዝኖ ጐደሎ መገኘቱ ተጽፏል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ግን ዐሥሩም ደናግል አንቀላፍተው እንደ ነበር እናስተውል፤ ልባሞቹም ጭምር። የለያቸው እንቅልፍ ማጣት አይደለም፤ አስቀድሞ በማሰሮ የተያዘው ዘይት ነው። በእኩለ ሌሊት ሲጠሩ ሊገዙ የሮጡት ሌሎቹ ናቸው።