ጤናን ከማጀት መጀመር



እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ግቢ ስንገናኝ ከሁሉ አስቀድመን የምንጠያየቀው ስለ ጤና ነው። «ጤናዎ እንዴት ሰነበተ?» ለሚለን ወገን «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን መመለስ ከአባቶቻችንና ከእናቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ነው። ሆኖም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከምስጋናው ቀጥሎ «ደም ብዛት አለብህ ተባልሁ»፣ «ስኳር ተገኘብኝ» የሚለው ቃል እየተዘወተረ መጥቷል። እነዚህ ሕመሞች ቀድሞ የባለጸጎችና የአረጋውያን ብቻ ይመስሉን ነበር። ዛሬ ግን ገና አርባ ዓመት ያልሞላው አስተማሪ፣ በጉሊት ሽንኩርትና ቲማቲም የምትቸረችር እናት፣ ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ የሚውል ሾፌር ይታመሙባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 በሀገራችን በተካሄደው ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆኑት ሰዎች መካከል ከመቶ 16 ያህሉ የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ የተገኘ ሲሆን፣ ከእነርሱም አብዛኞቹ ሕክምና የሚከታተሉ አልነበሩም።

የደም ብዛት ክፋቱ አለማሳመሙ ነው። ብዙዎቻችን ራሳችንን ካልከበደንና ማጅራታችንን ካልያዘን ግፊታችን ደኅና ነው ብለን እናስባለን፤ ነገር ግን ግፊቱ ለዓመታት ከፍ ብሎ ሳለ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ልብ ከዐቅሙ በላይ እየሠራ ይደክማል፤ የደም ሥሮች ይደድራሉ፤ ኵላሊት ይጎዳል። በመጨረሻም አንድ ቀን በአንጎል ውስጥ ያለ የደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ፣ ትናንት ልጆችን ሲያስተምር የነበረው ሰው ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት አልጋ ላይ ይውላል። ቤተ ሰቡም ከዚያች ቀን ጀምሮ ሌላ ኑሮ ይጀምራል። ስለዚህ ስለ አመጋገብና ስለ አካል እንቅስቃሴ መነጋገራችን ስለ መልክና ስለ ቁመና ለመጨነቅ ሳይሆን፣ ይህን የመሰለው ቀን እንዳይመጣ ወይም እንዲዘገይ ልናደርግ የምንችለውን ለማወቅ ነው።

አስቀድመን ግን አንድ ነገር እናስታውስ። ከንጋት እስከ ምሽት ሲያርስና ሲኮተኩት ለሚውል ገበሬ፣ እንጨትና ውኃ ተሸክማ ዳገት ለምትወጣ እናት ስለ አካል እንቅስቃሴ ማስተማር አይገባም። የዕለት እንጀራ ላጠረው ወገን «ምግብ ቀንስ» ማለትማ ነውር ነው፤ የእርሱ ችግር ሌላ ነው፤ በዚያም በኩል ያለብን ግዴታ ሌላ ነው። ይህ ትምህርት በተለይ የሚመለከተው በከተማ የምንኖረውን፣ ተቀምጠን የምንሠራውንና ጠግበን የምናድረውን ነው።

ጤናማ አመጋገብ ሲባል ለብዙ ሰው ከውጭ አገር የሚመጣ፣ ዋጋው የማይቀመስ ነገር ይመስለዋል። እኛ የምናየው የዚህን ተቃራኒ ነው። የጤፍ ቅንጣት እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነች ሽፋኗ ሳይለይ ሙሉዋን ትፈጫለች፤ ስለዚህም ነጩ የፉርኖ ዱቄት ያጣው አሰር በእንጀራችን ውስጥ ይገኛል። ሊጡ ለሁለትና ለሦስት ቀን መቡካቱም በእህሉ ውስጥ ያለው የብረት ንጥረ ነገር ለሰውነታችን በተሻለ እንዲደርስ ይረዳል። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክና ባቄላ ገንቢ ምግቦች ናቸው፤ ከእንጀራ ጋር ሲበሉ እህሉ የጎደለውን ጥራጥሬው ይሞላል። ቆጮ በሚበላበት አገር ጎመንና አይብ አብሮ መቅረቡም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቆጮ ኀይል ሰጪ ቢሆንም ገንቢነቱ አነስተኛ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የሀገራችን የአመጋገብ መመሪያም የተመሠረተው በእነዚሁ በቤታችን በምናውቃቸው ምግቦች ላይ ነው። እንግዲህ የተበላሸው መሠረቱ ሳይሆን ጭማሪው ነው።

ዘይትን እንመልከት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል ኀይል አለው፤ ይህም አንድ ሰው ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጠን ብሎ ሲራመድ ከሚያወጣው ኀይል ጋር ይቀራረባል። ወጥ ስንሠራ ግን በማንኪያ አንለካም፤ ጀሪካኑን ዘንበል አድርገን ዐይናችን «በቃ» እስኪል ድረስ እናፈሳለን። ስለዚህ ለእናቶች፣ ማጀት ለሚገቡ ወንዶችም (ቢገቡ መልካም ነው) አንድ ቀላል ዘዴ እንመክራለን። ባለ አምስት ሊትሩ ጀሪካን ሲከፈት ቀኑን በላዩ ላይ እንጻፍበት። አምስት ነፍስ ባለበት ቤት በሠላሳ ቀን ካለቀ፣ ሕፃኑ ሳይቀር እያንዳንዱ ሰው በየቀኑ ከሁለት የሾርባ ማንኪያ በላይ ዘይት ወስዷል ማለት ነው። የሚቀጥለውን ጀሪካን አርባ ቀን፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሃምሳ ቀን ለማድረስ እንሞክር። እናቶቻችን ሽንኩርቱን በደረቁ አቁላልተው፣ ጠብ ጠብ በሚል ውኃ እያበሰሉ፣ ቅባቱን ኋላ ይጨምሩ እንደ ነበር የሚያስታውስ ያስታውሳል፤ ወጣቸው ጣዕም አልጎደለውም። የሚረጋውን የፓልም ዘይት በተመለከተ፣ ግማሽ ያህሉ ለደም ሥር የማይበጀው ዓይነት ስብ ስለ ሆነ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ይመረጣል። ዋጋው እንደማይመች እናውቃለን። ነገር ግን የዘይቱን መጠን በሦስት እጅ የቀነሰ ቤት በተረፈው ገንዘብ የተሻለውን ዓይነት ለመግዛት ይቀርበዋል።

በጨውም እንዲሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ዐዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ጨው ይመክራል፤ ከላይ የጠቀስነው የ2015ቱ ጥናት ግን በሀገራችን በአማካይ ከ8 ግራም በላይ እንደሚበላ አመልክቷል። አምስት ሰው ባለበት ቤት አንድ ኪሎ ጨው ከአርባ ቀን በፊት ካለቀ ከልኩ አልፈናል። ይህም በበርበሬው፣ በሚጥሚጣው፣ በተዘጋጀው ሽሮና በዳቦው ውስጥ አስቀድሞ የገባውን ሳንቈጥር ነው። ጨው ስንቀንስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምግቡ አልጫ አልጫ ይላል፤ ጥቂት ሳምንታት ከታገሥን ግን ምላስ ይለምደዋል። የምንቀንሰው መጠኑን ነው እንጂ ዓይነቱን አይደለም፤ ዕንቅርትን ለመከላከል አዮዲን ያለበትን ጨው መግዛት አይቅር።

ስለ ስኳር ብዙ ማለት አያስፈልገንም። በሻይ ሦስት ማንኪያ የሚጨምርና በቀን ሦስት ጊዜ የሚጠጣ ሰው ሌላ ጣፋጭ ሳይነካ ዘጠኝ ማንኪያ ስኳር ወስዷል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ደግሞ ከሰባት የሻይ ማንኪያ የማያንስ ስኳር አለው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የማጀቱ ሥራ ሳይሆን የሰው ፊት ነው። በቤቱ ልኩን አውቆ የሚበላ ሰው በጠበል ጻድቅ፣ በክርስትና፣ በሠርግና በተዝካር ላይ ምን ያድርግ? «ጋሼ፣ በሞቴ ይህችን ብቻ!» ብላ የጐረሠችውን እናት እንዴት እንቢ ይበላት? ጉርሻ ፍቅር ነው፤ እንቢ ማለትም ፍቅርን መመለስ ይመስላል። እኛ የምናምነው ሸክሙ በእንግዳው ላይ ብቻ መውደቅ እንደሌለበት ነው። ጋባዡ ቢያግዝ ይቀላል። ስኳር ያለበት ሰው በመካከላችን እንደሚኖር አስቀድመን ዐውቀን፣ በቁምስናችን ዝግጅት ላይ ከለስላሳው ጎን ንጹሕ ውኃ ብናቀርብ፣ ከቀይ ወጡ ጎን ዘይት ያልበዛበት ጎመንና ቀይ ሥር ብናኖር፣ «አይ፣ ይበቃኛል» ያለውን ሰው በአንድ ልመና ብንተወው ማንም አይጐዳም። ጉርሻውም ቢሆን አንድ ጊዜ ከተጐረሰ ፍቅሩ ደርሷል።

ጾማችንስ? በግዕዝም ሆነ በላቲን ሥርዓት የምንጾም ምእመናን፣ ጾም የነፍስ ነገር መሆኑን እናውቃለን። ጥራጥሬና አትክልት የሚዘወተርበት ወቅት በመሆኑ ለሥጋም ሊጠቅም ይችል ነበር። ነገር ግን «የጾም ነው» እያልን በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ፣ ፓስቲና ቦምቦሊኖ የምንበላ ከሆነ የጾሙ ወቅት የዘይት ወቅት ይሆናል። በፋሲካ ዕለት ደግሞ ለሳምንታት ከቅባት የራቀውን ሆድ በአንድ ጠዋት በዶሮ ወጥና በክትፎ እናስጨንቀዋለን።

በዚህ ረገድ ያየነውን እንንገራችሁ። በአንድ ቁምስና የምናውቃቸው የትምህርተ ክርስቶስ መምህርት ስኳር እንዳለባቸው ለማንም ሳይናገሩ በዐቢይ ጾም እስከ ከቀትር በኋላ ምግብ ሳይቀምሱ ይቆዩ ነበር፤ ክኒናቸውን ግን እንደ ልማዳቸው ጠዋት ይውጣሉ። አንድ ቅዳሜ በሕፃናቱ ፊት ቆመው ሲያስተምሩ ላብ አጠመቃቸው፤ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ የሚናገሩትም ተምታታ። ሕፃናቱ መጀመሪያ ሳቁ፤ ኋላ ፈሩ። ደግነቱ ገና መዋጥ ሳያቅታቸው ስኳር የበዛበት ሻይ ደርሶላቸው ተመለሱ። ለምን እንዳልነገሩን ስንጠይቃቸው፣ «እኔ ራሴ ሳልጾም ልጆቹን ስለ ጾም እንዴት አስተምራለሁ?» አሉን። በዚያች ሰዓት የምንመልሰው ቃል አጣን። ቤተ ክርስቲያን የታመመውን ሰው ከጾም ግዴታ ነፃ እንደምታደርግ እርሳቸውም እኛም እናውቅ ነበር፤ የጎደለው ዕውቀት አልነበረም። የጎደለው «እትዬ፣ እርስዎ ታመው ከሆነ ይብሉ» የሚል ሰው ነበር። የስኳር መድኀኒት የሚወስድ ወይም የሚወጋ ሁሉ ከጾም አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር፤ «ስለ ታመምሁ አልጾምም» ብሎ በግልጥ መናገርም ለሕፃናት ራሱን የቻለ ትምህርት ይሆናቸዋል።

አሁን ደግሞ ከማጀት ወደ መንገድ እንውጣ። ብሪታንያዊው ሐኪም ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተሙት ጥናት የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ሠራተኞች አነጻጽረው ነበር። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል፤ ትኬት ቆራጩ በዚያው አውቶቡስ ውስጥ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። የልብ ሕመም በትኬት ቆራጮቹ ላይ ከሾፌሮቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ትኬት ቆራጩ ስፖርተኛ አልነበረም፤ ሥራው እግሩን አላስቀምጥ ስላለው ነው እንጂ። እኛም የአበበ ቢቂላ አገር ሰዎች መሆናችንን በኩራት እየተናገርን ሩጫን ተቀምጠን በቴሌቪዥን የምናይ ሰዎች፣ ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ነገር አለ።

ለዐዋቂ ሰው የሚመከረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ፣ ማለትም በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ፈጠን ያለ ርምጃ ይበቃል፤ ልኩም እየተራመዱ መነጋገር ሲቻል መዘመር ግን ሲያቅት ነው። ለዓመታት የተቀመጠ ሰው በዐሥር ደቂቃ ይጀምር፤ ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ ይውረድ። በርምጃ ላይ ደረቱን የሚያፍነው ወይም የሚወጋው ሰው ግን ቆሞ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት። አዛውንት ደግሞ እጃቸውን ሳይደግፉ ከወንበር መነሣትና መቀመጥን ዐሥር ጊዜ ቢደጋግሙ የጭናቸው ጡንቻ ይበረታል፤ ከመውደቅም ይጠብቃቸዋል። «በዚህ ዕድሜዬ ስፖርት ብሠራ ሰው ምን ይለኛል?» የሚል ሐሳብ፣ በተለይ በእናቶች ዘንድ፣ ከድካም ይልቅ እግር ያስራል። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ በአዲስ አበባ «መንገድ ለሰው» ሲጀመር መንገዱ ለመኪና ተዘግቶ ሕፃናትና አዛውንት አብረው ሲራመዱ ማየታችን ይህን እፍረት በመጠኑ ሰብሮታል። ሁለት ጎረቤታሞች ተቃጥረው ቢወጡ ደግሞ አንዷ ስትሰንፍ ሌላዋ በር ታንኳኳለች።

ይህ ጽሑፍ የሚነበበው የሚቀጥለው እትም ከመውጣቱ ሦስት ወር አስቀድሞ ስለ ሆነ፣ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ከየቡድናቸው ጋር ይህን ጊዜ ቢጠቀሙበት እንወዳለን። ሁሉንም በአንድ ቀን የሚጀምር ሰው ሁሉንም በአንድ ሳምንት ይተዋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት ዘይቱን ወይም ጨውን ወይም ርምጃውን፣ አንዱን ብቻ ይምረጥ። በመጀመሪያው ዕለት የደም ግፊታችንን በጤና ጣቢያ እንለካ፤ በተለያየ ቀን ተለክቶ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሕክምና መከታተል ይገባል፤ መድኀኒት የታዘዘለትም ሰው ተሻለኝ ብሎ በራሱ አያቋርጥ። ሚዛን በሌለበት ቁመታችንን በክር ለክተን፣ ክሩን ለሁለት አጥፈን በወገባችን ዙሪያ እናስገባው፤ ጫፍና ጫፉ ካልተገናኘ ወገባችን ከሚገባው በላይ ሰፍቷል። ክሩን አንጣለው፤ ቀኑ ከተጻፈበት ጀሪካን አጠገብ ሰቅለን ከሦስት ወር በኋላ መልሰን እንለካበታለን።