ቅርሱን ማን ወሰደው?
(አድራጊ፣ ተደራጊና አስደራጊ ግስ በአከራካሪ ድርሰት)

የግስን አዕማድ ባለፉት ትምህርቶች አጥንታችኋል። አድራጊ ግስ ሥራውን የሚሠራውን፣ ተደራጊ ግስ ሥራው የሚፈጸምበትን፣ አስደራጊ ግስ ደግሞ ሌላውን የሚያሠራውን ባለቤት እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። በዚህ ትምህርት የምትረዱት፣ ከእነዚህ አንዱን መርጦ መጻፍ የአንድን ክርክር ፍሬ ነገር ሊለውጥ መቻሉን ነው። በመጀመሪያ የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ፤ በምታነቡበትም ጊዜ ግሶቹን እየነቀሳችሁ በደብተራችሁ ጻፉ።

ሀ. ምንባብ
በቦሌ በር የገቡ ቅርሶች

ቦሌ የአገራችን የአየር በር ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ስለ ከለከለ፣ ወደ ውጭ የሚሄድ መንገደኛ ሻንጣው እዚያ ይፈተሻል። ነገር ግን ከአገር የወጣ ቅርስ የተመለሰውም በዚሁ በር ነው። በስኮትላንድ፣ በኤድንብራ ከተማ፣ አንድ ቄስ በቤተ ክርስቲያናቸው ቁም ሣጥን ውስጥ ያገኙት ታቦት በ1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በእልልታና በዝማሬ ተቀበለው። በየካቲት ወር 2012 ዓ.ም. ደግሞ ከትግራይ፣ ከጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጠፍቶ የነበረ የ18ኛው መቶ ዘመን ዘውድ ከኔዘርላንድስ ተመለሰ። በዚያ አገር የሚኖሩት አቶ ሲራክ አስፋው ዘውዱን በአንድ እንግዳ ሻንጣ ውስጥ ካዩት በኋላ፣ ለማንም አሳልፈው ሳይሰጡ 21 ዓመት ያህል ጠብቀውታል።

ይሁን እንጂ ካልተመለሰው ጋር ሲነጻጸር የተመለሰው ጥቂት ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በገዛ እጃቸው ሞቱ። ወታደሮቹ ግምጃ ቤቱንና ቤተ ክርስቲያኑን ዘረፉ። የዘረፉትን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች አስፈለጉ። ዕቃው በደላንታ ሜዳ በሐራጅ ሲሸጥ ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ ሪቻርድ ሆልምስ ለሙዚየሙ ገዛ።

ሙዚየም አንድን ዕቃ ሲረከብ ቍጥር ይሰጠዋል፤ ከምን እንደ ተሠራ፣ ከየት፣ መቼና ከማን እንደ ተገኘ በመዝገብ ያሰፍራል፤ ከብርሃን፣ ከእርጥበትና ከነፍሳት ይጠብቀዋል። በስድስት ኪሎ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሚታዩት የቤትና የእርሻ ዕቃዎች በእንዲህ ያለ ጥበቃ ይኖራሉ። ታቦት ግን እንደ ሞሰብና እንደ ጋሻ አይደለም፤ ከካህናት በቀር ማንም ሊያየው አይፈቀድም። ስለዚህ የብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦታትን በተለየ ክፍል ዘግቶ አስቀምጧል። ለሕዝብ አያሳያቸውም፤ ባለሙያዎቹም አያጠኗቸውም። እንግዲህ ላይታዩ፣ ላይጠኑ፣ ላይቀደስባቸው ለምን ይቀመጣሉ? ጠያቂዎች የሚያነሡት ጥያቄ ይህ ነው።

ሙዚየሙም የራሱ መልስ አለው። በ1963 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንግሊዝ ሕግ፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ ከስብስቡ ዕቃ እንዳያወጣ ያስረዋል። ቪክቶሪያና አልበርት የተባለው ሌላው የለንደን ሙዚየም ደግሞ በ2010 ዓ.ም. የመቅደላን ቅርሶች ለረጅም ጊዜ በውሰት ለመስጠት ሐሳብ አቀረበ። ተቃዋሚዎች ግን ሰው የሚያውሰው የራሱን ገንዘብ ነው፤ የተዘረፈ ሰው ንብረቱን ከተዋሰ ዘራፊውን ባለቤት አደረገው ይላሉ። ከሕጉም በፊት ቅርስ የተመለሰበት ጊዜ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1864 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው፣ የብሪቲሽ ሙዚየም ከያዛቸው ሁለት የክብረ ነገሥት ቅጂዎች አንዱን አስመልሰዋል።

ለ. ማብራሪያ

የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።
1. መጽሐፉ ከመቅደላ ተገኘ።
2. መጽሐፉ ከመቅደላ ተወሰደ።
3. ወታደሮቹ መጽሐፉን ከመቅደላ ዘረፉ።
4. ዐፄ ዮሐንስ መጽሐፉን አስመለሱ።

የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር መጽሐፉን ጌታ እንደሌለው፣ በመንገድ ወድቆ እንደ ተነሣ ዕቃ ያደርገዋል። ሁለተኛው ሰው እንደ ወሰደው ያመለክታል፤ ወሳጁን ግን ይሰውረዋል። በሦስተኛው አድራጊው ወጥቶ ታየ፤ ሥራውም በስሙ ተጠራ። በአራተኛው ንጉሡ የሌላውን እጅ ወደ መስጠት አመጡ፤ የአስደራጊ ግስ ኀይል ይህ ነው። የዕቃ መግለጫ ጽሑፍ በምታነቡበት ጊዜ «ተገኘ»፣ «ተሰበሰበ» የሚሉ ቃላት ሲያጋጥሟችሁ «ማን አገኘው? ማን ሰበሰበው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ይህ ማለት ግን ተደራጊ ግስ ሁሉ ነገር ይሸሽጋል ማለት አይደለም። የጨለቆቱን ዘውድ ከስፍራው ማን እንዳወጣው ምንባቡ አይነግረንም፤ ስለዚህ «ጠፋ» ማለት ተገቢ ነው። እንዲሁም በውጭ አገር ያለው የኢትዮጵያ ቅርስ በሙሉ የተዘረፈ አይደለም፤ የተሸጠም፣ በስጦታ የተሰጠም አለ። ሁሉንም «ዘረፉ» ብሎ የሚጽፍ ሰው፣ ሁሉንም «ተገኘ» ብሎ ከሚጽፈው ያላነሰ ይሳሳታል፤ ለተቃዋሚውም በቀላሉ የሚመታ ክርክር ይሰጠዋል። አድራጊው ሲታወቅ አትሸሽጉት፤ ሳይታወቅ አትፍጠሩት።

ሐ. መልመጃ

1. ከምንባቡ ሦስት አድራጊ፣ ሦስት ተደራጊና አንድ አስደራጊ ግስ አውጥታችሁ ጻፉ።
2. «ዘውዱ ተመለሰ» በሚለው ዐረፍተ ነገር «ተመለሰ» ሁለት ዐይነት ትርጕም ሊሰጥ ይችላል፤ አንዱ «በሰው ተመለሰ»፣ ሌላው «ራሱ መጣ» ነው። ዐረፍተ ነገሩን የመላሹ ማንነት በግልጽ እንዲታወቅ አድርጋችሁ አስተካክሉት።
3. «ሰው የሚያውሰው የራሱን ገንዘብ ነው» የሚለው ክርክር ያሳምናችኋልን? ምክንያታችሁን በአንድ አንቀጽ አስረዱ።
4. «ታቦታቱ ሊመለሱ ይገባል» በሚል ርእስ አራት አንቀጽ ያለው አከራካሪ ድርሰት ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ጉዳዩን አስተዋውቁ። በሁለተኛው የሙዚየሙን ምክንያት፣ የሙዚየሙ ሰው ቢያነበው «አዎን፣ የምለው ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ በታማኝነት አቅርቡ። በሦስተኛው መልስ ስጡ፤ በአራተኛው ደምድሙ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ተደራጊ ግሶቹን ሁሉ አስምሩባቸውና በእያንዳንዳቸው ላይ «አድራጊውን ዐውቀዋለሁን?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።